«ዕድሜው አልፏል» የሚለው ፍርድና የማርሽ ቀያሪው ምላሽ

በጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው አገር የሚኖር ገበሬ ለአንድ ዓመት አንድ የዘር ጊዜ ብቻ እንዳልተሰጠ ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ገብሱ ቀድሞ ይዘራል፤ ጤፉ ክረምቱ ከገፋ በኋላ ይከተላል፤ በዋልካው መሬት ላይ ደግሞ ሽምብራውና ጓያው የሚዘሩት ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ መሬቱ አምቆ የያዘውን እርጥበት ተስፋ በማድረግ ነው። ሽምብራውን «ዘገየህ» ብሎ የሚወቅስ ገበሬ የለም። እያንዳንዱ አዝርዕት የራሱ ወቅት እንዳለው ከአባቶቹ የተማረው፣ በራሱም ድካም ያረጋገጠው ሐቅ ነውና።

ይህን ያህል ግልጽ የሆነው እውነት ወደ ሰው ልጅ ችሎታ ሲመጣ ግን ይዘነጋል። በተለይ በስፖርቱ መስክ አንድ ወጣት ሃያ ዓመት ሳይሞላው ካልታየ፣ ካልተመረጠና ካልተመዘገበ «ዕድሜው አልፏል» ይባላል። ፍርዱ የሚሰጠው በአብዛኛው በጥቂት ቃላትና በአንድ ቀን ማጣሪያ ሲሆን ይግባኝ የለውም። ለመሆኑ ይህ ፍርድ በምን ላይ የተመሠረተ ነው? የተፈጥሮ ሕግ ነው ወይስ የአሠራር ልማድ? አልፏል የተባለው የሰውዬው ጊዜ ነው ወይስ እኛ እርሱን ለማየት የመደብነው ጊዜ? ጥያቄውን በባዶ መላ ምት ከመመለስ ይልቅ የአንድን ኢትዮጵያዊ ሯጭ የውድድር ዘመን በዝርዝር መመርመሩ የተሻለ መንገድ ሆኖ አግኝተነዋል። ይህም ሯጭ ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» ብሎ የሰየመው ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር ነው።

ከጋሪ ነጂነት እስከ መሮጫው ሜዳ

ምሩጽ በይፋ በሚታወቀው መዝገብ መሠረት በግንቦት ወር 1936 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአዲግራት አካባቢ ተወለደ። የወጣትነት ዘመኑ በሥልጠና ማዕከልና በአሠልጣኝ እጅ ያለፈ አልነበረም። በፋብሪካ ሠርቷል፤ ጋሪ ነድቷል። የሯጭነት ችሎታው ጎልቶ የታየው ወደ ኢትዮጵያ አየር ኃይል ከገባ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዚያ ዘመን የድኻ ልጅ ጫማ፣ ቀለብና ለልምምድ የሚሆን ጊዜ አግኝቶ ሊሮጥ ይችል የነበረው በአብዛኛው የወታደር ልብስ ሲለብስ ነበር። አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴም የወጡት ከክብር ዘበኛ ነው። እንግዲህ ምሩጽ ዘግይቶ ተገኘ ከተባለ የዘገየው እግሩ ሳይሆን በሩ ነበር ማለት ይቻላል።

በሩ ከተከፈተም በኋላ መንገዱ ቀና አልሆነም። በሐምሌ 1963 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ግዛት በደርሃም ከተማ የአፍሪቃና የአሜሪካ ቡድኖች በተገናኙበት ውድድር ላይ ምሩጽ በ5,000 ሜትር ከስመ ጥሩው ስቲቭ ፕሪፎንቴይን ጋር ተሰለፈ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 27 ነበር። ፈረንጆቹ ፈጽሞ ያልጠበቁት ኢትዮጵያዊ ወደ መጨረሻው አፈትልኮ ወጣ፤ ሮጠ፤ መስመሩንም አልፎ ቆመ። ግን አንድ ዙር ገና ይቀር ነበር! የዙሩ ቆጠራ ተሳስቶበት አሸናፊነቱን ለፕሪፎንቴይን ለቀቀ። በማግሥቱ በ10,000 ሜትር ተሰልፎ ፍራንክ ሾርተርን ቀደመ። ይህ ሾርተር በቀጣዩ ዓመት በሙኒክ ኦሊምፒክ የማራቶን ባለ ድል የሆነው ሰው ነው።

ከዚህ ሁኔታ የምንረዳው ምንድን ነው? በሁለቱ ቀኖች መካከል የምሩጽ ጉልበት አልተለወጠም። በመጀመሪያው ቀን የጎደለው ጉልበት ሳይሆን የውድድር ልምድ ነበር፤ ልምድ ደግሞ በትውልድ የሚገኝ ሀብት አይደለም። በታላላቅ ሜዳዎች ደጋግሞ በመሰለፍ የሚገነባ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ይህን ዕድል ያገኘ ሯጭ በሃያ አንድ ዓመቱ ይበስላል። በሃያ ሰባት ዓመቱ ያገኘው ግን በሠላሳዎቹ ይበስላል። የሁለቱ ልዩነት የመነሻው ቀን እንጂ የፍሬው መጠን አይደለም።

የሙኒክ ነሐስና የሞንትሪያል ዝምታ

በነሐሴ 1964 ዓ.ም. በሙኒክ በተደረገው 20ኛው የኦሊምፒክ ጨዋታ ምሩጽ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጥቶ የነሐስ ሜዳይ አገኘ። ውድድሩ ቀላል አልነበረም። የፊንላንዱ ላሴ ቪረን በመሐል ወድቆ ተነሥቶ በ27 ደቂቃ ከ38.4 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረበት ነበር። የቤልጅጉ ኤሚል ፑተማንስ ሁለተኛ ሲሆን ምሩጽ በ27 ደቂቃ ከ41.0 ሴኮንድ ተከተለ። አንባቢ ይህን የመጨረሻ ቁጥር እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የ5,000 ሜትሩን ውድድር ግን ሰዓት አልፎበት ሳይሮጥ ቀረ። ምክንያቱ በልዩ ልዩ መንገድ ሲነገር ኖሯል። ወደ አገሩ ሲመለስ የጠበቀው አቀባበል ሳይሆን እስራት እንደ ነበር በሰፊው ተጽፏል። ይሁን እንጂ በጥር 1965 ዓ.ም. በሌጎስ በተደረገው የመላው አፍሪቃ ጨዋታ ላይ ምሩጽ እንደ ገና ተሰልፎ በ10,000 ሜትር ወርቅ፣ በ5,000 ሜትር ብር አገኘ። ብዙ ሰው የሚሰበርበት ቦታ ለእርሱ የመነሻ መስመር ሆነ።

የሚቀጥለው ፈተና ከእርሱ ጥፋትም ሆነ ድካም ጋር ያልተያያዘ ነበር። በሐምሌ 1968 ዓ.ም. የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሲከፈት ከ20 በላይ የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ አፍሪቃውያን የሆኑ አገሮች ከጨዋታው ወጡ። ምክንያቱ የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን የዘር መድልዎ ወደ ነገሠባት ደቡብ አፍሪቃ ሄዶ መጫወቱና ኒው ዚላንድም ከኦሊምፒኩ አለመታገዷ ነበር። ኢትዮጵያም ከወጡት አገሮች አንዷ ነበረች። የደቡብ አፍሪቃ ጥቁር ሕዝብ ሰብዓዊ ክብር ከሜዳይ በላይ መሆኑን ማንም የሚክደው አይደለም። ሆኖም የትግሉን ዋጋ የከፈሉት ሰዎች ስም ሊጠራ ይገባል። ከከፋዮቹም አንዱ በ32 ዓመቱ፣ በሙሉ ጉልበቱ ላይ የነበረው ምሩጽ ነበር። በሞንትሪያል ሁለቱንም ርቀቶች እንደ ገና ላሴ ቪረን አሸነፈ። ምሩጽ አራት ዓመት መጠበቅ ነበረበት። በሠላሳ ሁለት ዓመቱ «አራት ዓመት ጠብቅ» የተባለ ሯጭ፣ በተለመደው ሒሳብ ቢሰላ፣ «በቃህ» የተባለ ሯጭ ነው።

በሁለት ቁጥሮች የታሰረ ማስረጃ

ምሩጽ ግን አልበቃውም። በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ በዱሰልዶርፍ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ አፍሪቃን ወክሎ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር አሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ በነሐሴ 1971 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫው በሞንትሪያል ተደረገ። ሮጦ ሊያሸንፍባት ሲገባ ሳይሮጥባት በተመለሰባት በዚያችው ከተማ ሁለቱንም ርቀቶች እንደ ገና ወሰደ።

ከዚያም ሞስኮ መጣች። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር የመጨረሻ ውድድር አሠልጣኝ ንጉሤ ሮባ ያዘጋጃቸው ሦስት ኢትዮጵያውያን፣ ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ፣ እየተፈራረቁ መሪነቱን በመያዝ የሩጫውን ፍጥነት ሲያውኩ ቆዩ። 300 ሜትር ያህል ሲቀር ምሩጽ ማርሹን ቀየረ። የፊንላንዱ ካርሎ ማኒንካ ሁለተኛ፣ መሐመድ ከድር ሦስተኛ፣ ቶሎሳ ቆቱ አራተኛ ሆኑ። የሙኒክና የሞንትሪያል ንጉሥ የነበረው ቪረን አምስተኛ ወጣ። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 25 ቀን፣ በ5,000 ሜትር ውድድር ምሩጽ ወደ መጨረሻው በተቀናቃኞቹ መሐል ተከቦ መውጫ ባጣ ጊዜ መሐመድ ከድር ጎን ብሎ መንገድ ከፈተለት። ምሩጽም በዚያች ክፍተት ተስፈንጥሮ በ13 ደቂቃ ከ20.9 ሴኮንድ ሁለተኛውን ወርቅ አነሣ። የታንዛንያው ሱሌማን ኒያምቡይ ተከተለው።

አሁን አንባቢ እንዲይዝልን ወደ ጠየቅነው ቁጥር እንመለስ። ምሩጽ በሙኒክ የነሐስ ሜዳይ ያገኘበት ሰዓት 27 ደቂቃ ከ41.0 ሴኮንድ ነበር። በሞስኮ ወርቅ ያገኘበት 27 ደቂቃ ከ42.7 ሴኮንድ ነው። በ28 ዓመቱና በ36 ዓመቱ መካከል፣ ስምንት ዓመት፣ አንድ እስራትና አንድ የቀረ ኦሊምፒክ አልፎ፣ የተለወጠው ከሁለት ሴኮንድ በታች ነው። እንግዲህ ሰውየው በዕድሜው ምክንያት አልፈጠነም፤ አልዘገየምም። ነሐሱን ወደ ወርቅ የለወጠው ሌላ ነገር ነው።

ይህ ሌላ ነገር አቅምን በጊዜው የማውጣት ጥበብ ነው። በረጅም ርቀት ሩጫ የመጨረሻውን ዙር የሚያሸንፈው አርፎ ቢነሣ ከሁሉ የሚፈጥነው ሰው ላይሆን ይችላል። ወሳኙ ጥያቄ ከ9,700 ሜትር ድካም በኋላ በማን እግር ውስጥ ፍጥነት ተርፏል የሚለው ነው። ይህን ትርፍ የሚያጠራቅመው ለዓመታት ሳይቋረጥ የተካሄደ ልምምድ ሲሆን፣ መቼ እንደሚወጣ የሚወስነው ደግሞ አእምሮ ነው። በደርሃም አንድ ዙር ቀድሞ የፈነዳው ጉልበት በሞስኮ የመጨረሻውን 300 ሜትር ጠበቀ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን የአገራችንን ተረት ምሩጽ በመሮጫው ሜዳ ላይ በእግሩ ተረጎመው።

ብቻውን አይደለም

አንዳንዶች «ይህ ለአንድ ሰው የተሰጠ ልዩ ጸጋ ነው፤ ሕግ ሊሆን አይችልም» ይሉ ይሆናል። ሌሎችም አሜሪካንና ኬንያን ጨምሮ በርካታ አገሮች የሶቪዬት ጦር አፍጋኒስታን በመግባቱ ምክንያት ሞስኮ እንዳልተገኙ በማስታወስ የድሉን ክብደት ለማቅለል ይሞክራሉ። ሁለተኛውን አስተያየት አስቀድመን እንመልስ። በዱሰልዶርፍና በሞንትሪያል የዓለም ዋንጫዎች እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ርቀት ያሰለፈው አንድ ሯጭ ብቻ ነበር፤ አሜሪካኖቹም ነበሩ። በዚያ ምሩጽን የሚያግዝ ወገን አልነበረም። አራቱንም ውድድሮች ያሸነፈው ብቻውን ነው።

ለመጀመሪያው አስተያየት መልሱ ማሞ ወልዴ ነው። ሻምበል ማሞ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ በ800 እና በ1,500 ሜትር ተሰልፎ ከማጣሪያው አላለፈም። ስምንት ዓመት ቆይቶ በቶኪዮ በ10,000 ሜትር አራተኛ ሆነ። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ በ10,000 ሜትር ከኬንያው ናፍታሊ ቴሙ ቀጥሎ ብር ካገኘ በኋላ፣ አበበ ቢቂላ በጉዳት ምክንያት ባቋረጠበት ማራቶን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ገብቶ ወርቁን ለኢትዮጵያ አስጠበቀ። ዕድሜው 36 ነበር፤ ልክ ምሩጽ በሞስኮ እንደ ነበረው። በሙኒክም በ40 ዓመቱ የማራቶን ነሐስ ጨመረ። ከሜልቦርን በኋላ «ዕድሉን ሞክሮ አልሆነለትም» ተብሎ ስሙ ቢሰረዝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተጻፈ ነበር።

ከአገራችን ውጭም ብንመለከት ማስረጃው አይጠፋም። ኩባውያን እጅግ በሚወዱት የቤዝቦል ጨዋታ ዋናው ሰው ኳስ ወርዋሪው ነው፤ ተቃራኒው በዱላ እንዳይመታበት እያሳሳተ የሚወረውር ማለት ነው። ከኩባ ገጠር የወጣው ኮንራዶ ማሬሮ የተወለደው በ1903 ዓ.ም. ነበር። ለረጅም ጊዜ ያለ ክፍያ በአማተር ቡድኖች ሲጫወት ኖሮ በሙያ ደረጃ መወርወር የጀመረው ሠላሳዎቹን ካጋመሰ በኋላ ነው። በሚያዝያ 1942 ዓ.ም. በአሜሪካ ከፍተኛ ሊግ ለዋሽንግተን ቡድን ሲሰለፍ 39 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በ40 ዓመቱ፣ ከሊጉ ምርጦች ጋር ተቆጠረ። ቁመቱ አጭር ነበር። መሣሪያው የክንድ ጉልበት አልነበረም፤ ኳሱን ወደ ፈለገበት ቦታ ማድረስና ፍጥነቱን እየለዋወጠ መቺውን ማታለል ነበር። እርሱም በራሱ ሜዳ ማርሽ ቀያሪ ነበር ማለት ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በሃቫና ሲያርፍ 103 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

የልደት ወረቀትና የተዘጋ በር

ምሩጽ በሞስኮ ባሸነፈ ጊዜ የውጭ ጋዜጠኞች ከሩጫው ይልቅ ስለ ዕድሜው ይጠይቁት ጀመር። አንዱ 33 ሲለው ሌላው 42 ይለው ነበር። በመዝገብ ያልሰፈረ ዕድሜ ለእነርሱ ምሥጢር ነበር። ለኢትዮጵያ ገበሬ ልጅ ግን ምሥጢር አልነበረም፤ የተለመደ ኑሮ ነበር። የልደትና የሌሎች ወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት በጎጃም ገጠር ከተወለዱት መካከል ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን የሚያውቁት ክርስትና በተነሡበት በዓል፣ በዚያ ዓመት በወረደው በረዶ ወይም በእናታቸው ትዝታ ነው።

እንግዲህ የጉዳዩ ክብደት እዚህ ላይ ይታያል። ዕድሜው በወረቀት ያልተጻፈ ወጣት ከብት ሲጠብቅ፣ ትምህርቱን አቋርጦ ሲያርስ ወይም በከተማ የቀን ሥራ ሲሠራ ቆይቶ በሃያ ሦስት ወይም በሃያ አራት ዓመቱ ወደ ሩጫ ቢመጣ የሚጠብቁት ሁለት መንገዶች ብቻ ናቸው። እውነቱን ተናግሮ «ዕድሜህ አልፏል» መባል፣ ወይም ዕድሜውን ቀንሶ ከታዳጊዎች ጋር መሰለፍ። ሁለተኛው መንገድ ውሸት ነው፤ የእውነተኛውን ታዳጊም ዕድል ይነጥቃል። ነገር ግን በሃያ ዓመት ላይ የሚዘጋ በር ባለበት አገር ሁሉ በወረቀት አሥራ ሰባት ዓመት የሆኑ ጎልማሶች መብዛታቸው ሊያስገርም አይገባም። ውሸቱን በቁጥጥር ብቻ ማጥፋት አይቻልም። የሚጠፋው እውነት የሚናገረው ሰው የሚገባበት ሌላ በር ሲከፈት ነው።

ጎጃም የሚያውቀው እውነት

ይህ አስተሳሰብ ለጎጃም ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በዲማ፣ በደብረ ኤልያስ፣ በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ቤቶች «ስንት ዓመትህ ነው?» ብሎ ደቀ መዝሙርን የሚመልስ የኔታ አልነበረም። የቆሎ ተማሪው ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ዓመታት ቆጥሮ ጢሙን አብቅሎ ቢቀኝ የሚመዘነው ቅኔው እንጂ ጢሙ አልነበረም። ከደብረ ማርቆስ አካባቢ የተወለዱት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም ለዚህ ምስክር ናቸው። በዚሁ አገር የቅኔ ትምህርት አልፈው፣ መምህር ሆነው፣ ጠላትን ተዋግተው፣ ዓመታት በኢጣልያ በግዞት ቆይተው፣ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገልግለው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለአንባቢ ያበረከቱት በ1958 ዓ.ም. ነው። የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው የአማርኛ ልቦለድን ደረጃ ከፍ ያደረጉት ደራሲ «ዘገዩ» የሚባሉ አይደሉም። ያ መጽሐፍ ያን ዕድሜ ይጠይቅ ነበር።

የተፈጥሮ ሁኔታውም ቢሆን አይጎድልም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ሲሆን ማሞ ወልዴ ወርቁን ካገኘባት ከሜክሲኮ ከተማ ትበልጣለች። የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚሁ ከጎጃም የተገኘችው ውዴ አያሌው በነሐሴ 2001 ዓ.ም. በበርሊን የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳይ አግኝታለች። እኅቷ ሕይወት አያሌውም በመሰናክል ሩጫ በዓለም መድረክ ስሟን አስጠርታለች። አየሩ፣ ዳገቱና ሰዉ አለ። የጎደለው ዘግይቶ የሚመጣውን የሚቀበል አሠራር ነው።

ስለሆነም የሚሠራው ሥራ ግልጽ ነው። ምልመላ በዕድሜ ወረቀት ብቻ ሳይሆን በውጤትና በዕድገት ጉዞ ይመዘን፤ አንድ ሯጭ ዛሬ ስንተኛ ወጣ ብቻ ሳይሆን ከአምናው ምን ያህል ተሻሻለ ተብሎ ይጠየቅ። በየወረዳው ከታዳጊዎች ውድድር ጎን ለአዋቂዎች ክፍት የሆነ፣ ከመኸር በኋላ ገበሬውና ሠራተኛው ሊሳተፍበት የሚችል የጎዳና ሩጫ ይኑር። ከማጣሪያ የወደቀ ሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ተመልሶ እንዲሞክር ይጋበዝ። ይህ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሰዓት የሚይዝ ሰው፣ ስም የሚጽፍ መዝገብና የትናንቱን ተሸናፊ ዛሬ እንደ ገና ለማየት የሚፈቅድ ዓይን ነው።

የአንድ ሰው መዘግየት ለሌላው መቅደም ምክንያት ሊሆንም ይችላል። ምሩጽ በሞስኮ ሲሮጥ በአርሲ ገጠር የሚኖር የሰባት ዓመት ልጅ ወሬውን በራዲዮ ሰማ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ይባላል። ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ በአትላንታ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘ። ምሩጽ ግን የመጨረሻ ዘመኑን በካናዳ አሳልፎ ታኅሣሥ 13 ቀን 2009 ዓ.ም. በቶሮንቶ ዐረፈ። ሐውልት የሚያስፈልገው ከሆነ ከድንጋይ የተሠራ ብቻ አይሁን። በየአውራጃው ማጣሪያ ላይ ሰዓት ይዞ የሚቆም ማንኛውም ሰው አንድን የሃያ አምስት ዓመት ወጣት «ዕድሜህ አልፏል» ከማለቱ በፊት ሙኒክን፣ ሞንትሪያልንና ሞስኮን አስታውሶ «እስቲ ሩጥ እንይህ!» ቢለው፣ ለማርሽ ቀያሪው ከዚህ የሚበልጥ መታሰቢያ ሊሠራለት አይችልም።